እጇ ጆሮዋ ላይ እስኪደርስ

ነሐሴ 12 ቀን 2006

ይህ ደብተር ሽፋኑ ተቀዶ ከእሽጉ የወጣ ነው። ባለቤቴ ባህረዲን «ይሄ አይሸጥም፣ አንቺው ጻፊበት» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። ከጥር ወዲህ እንቅልፍ እየራቀኝ ስለሆነ፣ ጣሪያ ሳይ ከማነጋ መጻፉ ይሻላል ብዬ ወሰድኩት። ጅዳ በሰው ቤት ስሠራም እንዲህ እጽፍ ነበር። ያኔ እያለቀስኩ ነበር የምጽፈው፤ አሁን ዓይኔ ደረቅ ነው።

ወቅቱ የእኛ ነው። ሱቃችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ ከወለሉ እስከ ጣሪያው የተማሪ ቦርሳና ደብተር ነው። የሆሳዕናው፣ የጅማው፣ የወልቂጤው ቸርቻሪ በዝናቡ ይጎርፋል። ተሸካሚው «ዘወር በሉ!» እያለ እሽጉን በሰው ራስ ላይ ያሳልፋል። ትንሿ ልጄ ሱሀይር ጠረጴዛው ሥር ካርቶን አንጥፋ ትውላለች። ደንበኞቻችንን በፊታቸው ሳይሆን በጫማቸው ነው የምታውቃቸው። «እማዬ፣ ባለ ቡናማው ጫማ መጣ» ትለኛለች።

ዛሬ የግቢያችን ጎረቤት እትዬ ባይነሽ፣ ከራጉኤል በታች ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ለዜሮ ክፍል ምዝገባ እንደጀመረ ነገሩኝ። የግሉ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ስድስት ዓመት የሞላውን ነው የሚቀበሉት አሉ። ሱሀይር በአረፋ ስድስት ይሞላታል፤ አረፋ ደግሞ ዘንድሮ መስከረም ላይ ነው የሚውለው። ለጥቂት ቀን ብለው አይመልሷትም።

ታላቋ ልጄ ማሂራ በጥር ሞተች። ትኩሳት ነው፤ ሦስት ቀን ብቻ ተኝታ። ይህን አንዴ ልጻፈውና ልለፍ። ሱሀይር አታውቅም። የቀብሩ ዕለት እትዬ ባይነሽ ቤት አስቀምጠናት ነበር። ማታ «ማሂራስ?» ስትል አባቷ «አያዬ ጋ ሄዳለች» አላት። አያዬ የምትለው የሱን እናት ነው፤ ወራቤ አጠገብ ገጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ማናችንም አላረምነውም።

ነሐሴ 14

ቀኑን ሙሉ ቆሜ። ባለ ጎማው ቦርሳ አለቀ። ምሳ አለመብላቴን ማታ ነው ያወቅሁት። ነገ ወደ ትምህርት ቤቱ። ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ።

ነሐሴ 17

ጠዋት ሱቁን ለባህረዲን ትቼ ሱሀይርን ይዤ ሄድኩ። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱን ይዟል። በሩ ላይ ጥበቃው ጋሼ ወልደ ሚካኤል ነበሩ፤ አምናም እሳቸው ነበሩ። ልጆቹን በጨዋታ እየፈተኑ ያስገባሉ። «ቀኝ እጅሽን በራስሽ ላይ አሳልፊና ግራ ጆሮሽን ያዢ!» የያዘ ልጅ ደርሷል፣ ያልያዘ ገና ነው። እኔም በዚሁ ፈተና ነው ትምህርት ቤት የገባሁት። አሁን የሚታየው ወረቀት ነው፤ የሳቸው ለወግ ያህል ነው።

የሱሀይር ጣት ፀጉሯ ላይ ቀረ። ምላሷን አውጥታ ብትለጠጥም አልሆነም። ጋሼ ወልደ ሚካኤል ጎንበስ ብለው አዩዋትና፣ «አንቺ! አምና ይዘሽው አልነበር እንዴ? ምነው እጅሽ ወደ ኋላ አደገ?» አሏት። ሰልፉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

አምና የያዘችው ማሂራ ናት። ሁለቱን በዓመት ከወር ልዩነት ነው የወለድኳቸው፤ መንገድ ላይ «መንታ ናቸው?» ይሉኝ ነበር። አይደለችም፣ ሌላ ናት ማለት ነበረብኝ። ከኋላ ሰው ገፋንና ገባን።

ውስጥ የምትመዘግበው የሺ የምትባል ወጣት መምህርት ናት። «መቼ ተወለደች?» አለችኝ።

«የአረፋ ዕለት። ዘንድሮ በአረፋ ስድስት ይሞላታል፤ ከመስከረም አንድ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የሚያልፈው።»

የክትባት ካርዷን አገላብጣ አየች። «ኅዳር 29 ነው እኮ የሚለው።»

አረፋ በየዓመቱ ወደፊት እየቀደመ እንደሚመጣ መርካቶ ውስጥ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ዕቃ የምናዝዘው ያንን አስልተን ነው። ልጄን ግን በአረፋ ነበር የምቆጥራት፤ እኛ ቤት የሁሉም ሰው ዕድሜ እንዲያ ነው የሚቆጠረው። ኅዳር መሆኑን አላሰብኩትም። የሺ አዘነችልኝ መሰለኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አረፋው ቀድሞ መጣ እንጂ ልጅቷ ቀድማ አልተወለደችም፣ እህቴ» አለችኝ። «መስከረም አንድ ላይ ስድስት የሞላው ነው የሚለው መመሪያው። በሚቀጥለው ዓመት አምጪያት።»

በሚቀጥለው ዓመት አምጪያት። አምናም ማሂራን እንዲሁ ነው ያሉኝ፤ ጥቅምት ላይ ነው የሚሞላት ብለው። ያኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። ዛሬም እሺ ብዬ ወጣሁ። ምንም አልተሰማኝም። ስንመለስ ለሱሀይር ቆሎ ገዛሁላት፣ ሱቅ ገባሁ፣ ሸጥኩ።

ነሐሴ 18

ራት ላይ ባህረዲን «እንግዲያው ለአረፋ ስንሄድ እማዬ ጋ ትቆይ» አለ። «ዓመት ምን አላት? ወተት አለ፣ አየር አለ። እዚህ በተሸካሚ እግር ሥር ምን ትሠራለች?»

እውነቱን ነው። እዚያ ስትደርስ ማሂራ የታለች ብትልስ? ይህን ልጠይቀው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «እናያለን» ነው ያልኩት።

የተኛች መስሎን እንጂ ሱሀይር ሰምታለች። ከአልጋው ዘላ ወርዳ «አያዬ ጋ? ማሂራ ጋ?» አለች። ባህረዲን እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ወጣ። ማሂራ የሚለውን ስም ከጥር ወዲህ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

ሁለተኛዋም ልትሄድብኝ ነው። ጻፍኩት፤ ጽፌውም እንደ ሰው ወሬ ነው የማነበው።

ነሐሴ 21

ሱሀይር ጆሮ መያዙን ተያይዛዋለች። ካርቶኗ ላይ ቁጭ ብላ ቀኝ እጇን በራሷ ላይ ታሳልፋለች። ትንሽ ነው የሚቀራት። ራሷን ወደ ትከሻዋ ብታዘነብል ትይዘዋለች፤ ስታጭበረብር ካየኋት ግን ቶሎ ቀና ትላለች። ዛሬ አንድ የጅማ ነጋዴ «ይቺ ልጅ ጆሮዋን ያማታል እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው» አልኩት።

«ሲደርስልኝ ለማሂራ ነው የማሳያት» አለች። ማሂራ አምና በአንድ ሙከራ ስለያዘችው እስከ ጥር ድረስ ስትፎክርባት ነው የከረመችው። አፏን ሞልታ ስሟን ስትጠራው እሰማለሁ፣ ቦርሳ አጥፋለሁ። ደርዘኑን አስራለሁ። ደግሞ ሌላ ቦርሳ አጥፋለሁ።

ነሐሴ 23

እግሬን አላውቀውም። ዝናብ። የጎን ሱቅ ባለቤት ጠይብ ለደንበኛው ሲያወራ ሰማሁት፤ ቆርቆሮ ነው የሚለየን። «ድንጋይ ናት ይቺ ሴት። ልጇን ቀብራ በሳምንቱ ሱቅ ከፈተች።» ክፋት ኖሮት አይደለም፣ ጠይብ ወሬ ካልጨመረበት ዕቃ አይሸጥለትም። በሳምንቱ ግን አልነበረም፤ በአምስተኛው ቀን ነው።

ነሐሴ 26

ሱሀይር ጠፍታ ተገኘች።

ባህረዲን ዕቃ ሊያስጭን ወጥቶ ነበር። እኔ ሦስት ሰው በአንዴ እያስተናገድኩ ጎንበስ ስል ካርቶኑ ባዶ ነው። ወጣሁ። ሰው፣ ጃንጥላ፣ ጋሪ። ስሟን ጮክ ብዬ ስጠራ ጠይብ ደንበኛውን ጥሎ ሮጠ። እኔ መንገዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። እናት ትሮጣለች፤ እኔ አልሮጥኩም።

ጠይብ አውቶቡስ ተራ መግቢያ ላይ አገኛት። ከመደርደሪያችን ያወረደችውን ሮዝ ቦርሳ አዝላ፣ አንዱን ረዳት «የወራቤ መኪና የትኛው ነው?» እያለችው ነበር። ረዳቱም ደግ ሰው ነው፣ እናትሽ የታለች እያለ ይዟት ቆሟል። ቦርሳው ውስጥ ግማሽ ዳቦና የማሂራ ነጠላ ጫማ ነበር።

«ጫማዋን ረስታው ነው እኮ የሄደችው» አለችኝ፣ እንዳልቆጣት።

ጠይብ እያለከለከ ቆሞ አየኝ። «ማሂራ ጋ ነው የምሄደው አለችኝ። አልነገራችኋትም እንዴ?»

«አልነገርናትም።»

ከንፈሩን መጠጠና ወደ ሱቁ ገባ። ደንበኛው ጥሎት ሄዶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከቆርቆሮው ማዶ ድምፁን አልሰማሁም።

እኔም ቦርሳውን ጠራርጌ ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ከዚያ አውርጄ ሰጠኋት። ጫማውንም።

ነሐሴ 28

እትዬ ባይነሽ ወሬው ደርሷቸው መጡ። እኔ ሳልጠይቃቸው፣ «መርዶ ወግ አለው፣ ሀፍሷ» አሉኝ። «ለትልቅ ሰው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። ለሕፃን ማን ያረዳል? ልጅ ራሱ ይረሳዋል።»

«ሰባት ወር ሆነ እኮ፣ አልረሳችም» አልኳቸው።

«ትረሳለች። አንቺ ብቻ አታስታውሻት።»

እኔ መቼ አስታወስኳት? እሷ ናት በየቀኑ የምታስታውሰኝ። ባህረዲን ደግሞ ትናንት «አየሽ? እዚህ አትሆንም» አለኝ። የተናገረው በቁጣ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። በልመና ነው የተናገረው።

ጳጉሜ 2

አማቴ ደወሉ። ባህረዲን ድምፁን ለቆት ሁላችንም እንሰማለን። ሱሀይር ስልኩን ነጥቃ «አያዬ፣ ማሂራን አገናኚኝ» አለች።

አማቴ፣ «ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች፣ የኔ እናት» አሏት።

«ባለፈውም ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር።»

«ምንጩ ሩቅ ነው እኮ።»

«ስትመጣ እጄ ሊደርስ ነው በያት።»

አማቴ ስልኩ ሳይዘጋ ማልቀስ ጀመሩ። ባህረዲን ቶሎ ዘጋውና «ኔትወርኩ ነው» አለ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ሽንኩርት እንኳ አላስለቀሰኝም።

ወደ ገጠር ከሄደች በመጀመሪያው ቀን ምንጩ ድረስ ወርዳ ታያለች። ያውም ጫማውን ይዛ።

ጳጉሜ 4

ዛሬ የምዝገባው መጨረሻ ነበር። ልለምናቸው ነው የሄድኩት፣ ሌላ አሳብ አልነበረኝም። በአላህ ስም እምላለሁ፣ አልነበረኝም። የቤቱን ወረቀት ሁሉ የምናኖርበትን የወተት ጣሳ እንዳለ ይዤ ሄድኩ፤ የሚያሳምናቸው ነገር ከተገኘ ብዬ።

የሺ አልነበረችም። ዳይሬክተሯ ራሳቸው ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ደክሟቸው። ገና አፌን ሳልከፍት ጋሼ ወልደ ሚካኤል ከኋላዬ ገብተው ሊያግዙኝ ቸኮሉ።

«ይቺ የአምናዋ ናት፣ እትዬ። ጥቅምት ላይ ነው የሚሞላሽ ተብላ የተመለሰችው። ጆሮዋን ይዛ ሁሉ አሳይታኝ ነበር። ዘንድሮስ ሞልቷታል።»

ዳይሬክተሯ ሱሀይርን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ቀጭን ናት። እውነት ነው?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«የልደት ምስክር ወረቀት አላት?»

ሱሀይር የክትባት ካርድ እንጂ ምስክር ወረቀት የላትም። ማሂራ አላት፤ አምና ለዚሁ ምዝገባ ብዬ ወረዳ ተመላልሼ ያወጣሁላት። እጄ ጣሳው ውስጥ ገባ፣ እጄ አወጣው፣ እጄ ሰጠ። እኔ ቆሜ ነበር የማየው። ዳይሬክተሯ አንብበው «ማሂራ ባህረዲን» ብለው ጻፉ።

ሱሀይር ልብሴን ሳብ አድርጋ «ማሂራም ልትመዘገብ ነው?» አለችኝ፣ በሹክሹክታ። ጎንበስ ብዬ «ዝም በይ» አልኳት። ጋሼ ወልደ ሚካኤል ስንወጣ ከረሜላ ሰጧት። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 2 ቀን 2007

ለባህረዲን ዛሬ ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ እንዲጮህብኝም ፈልጌ ነበር። ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ ቆየ። ከዚያ «ማሂራ ብለው ጻፉ?» አለ።

«ጻፉ።»

«በቀለም?»

«በቀለም።»

«ይሁን። አንድ ቦታ እንኳ ትጻፍ» አለ። ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። አቅፌው ቢሆን ጥሩ ነበር። ትሪውን አነሳሁ።

ለሱሀይር ማስረዳቱ ግን የኔ ዕጣ ሆነ። «ትምህርት ቤት ውስጥ ስምሽ ማሂራ ነው» አልኳት። «መምህሯ ማሂራ ባህረዲን ስትል አቤት ትያለሽ።»

«ማሂራ ስትመጣስ?»

«እስክትመጣ።»

ይህን አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሌላ ሰው አይደለም።

ጅዳ የሄድኩት በሰው ስም ነበር። ዕድሜዬ ስላልደረሰ ደላላው ዕድሜም ስምም ቀየረልኝ። አራት ዓመት ሙሉ «ሰዓዳ» ሲሉኝ አቤት አልኩ። መጀመሪያ ላይ ስጠራ ዘግይቼ ነበር የምዞረው። ኋላ አገሬ ተመልሼ እናቴ «ሀፍሷ» ስትለኝ ነው የዘገየሁት። እናቴ ይህን አይታ ፊቷን አዞረች። ስም ይለመዳል፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

መስከረም 9

ዩኒፎርሙን አስጠበብኩ። ሮዙን ቦርሳ ይዛ ነው የምትተኛው። «ማን ነሽ?» እላታለሁ፣ «ማሂራ» ትለኛለች፣ ከዚያ ትስቃለች። ለሷ ጨዋታ ነው። ባህረዲን ከወጣ በኋላ ብቻ ነው የማስጠናት።

ለአረፋ ሦስታችንም ሄደን ሦስታችንም እንመለሳለን ተባብለናል። የፈለግሁት ይኸው ነበር፤ ተሳካ። ታዲያ ለምንድን ነው የማይሰማኝ?

መስከረም 12

ዛሬ ተከፈተ። ወሰድኳት። መጻፍ አልቻልኩም።

መስከረም 14

ቀላሉን ላስቀድም። ሱሀይር ከትምህርት ቤቱ ወጥታለች። ዳይሬክተሯ ስሙን ሰረዙት። ጮኸውብኝ ነበር፣ «በሞተች ልጅ ወረቀት!» ብለው፤ ከዚያ ራሳቸው ተቀመጡና ውሃ ጠጡ። «ልከስሽ ይገባኝ ነበር» አሉ። «የኅዳሯንም ልጅ ለማስገባት መመሪያው አይፈቅድልኝም።» ወረቀቱን መለሱልኝ። ጋሼ ወልደ ሚካኤል ከበሩ ውጪ ድረስ ተከትለውኝ መጡ። «እኔ ነኝ ያሳሳትኩት፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። እሳቸው ምን አጠፉ? ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ለባህረዲን ማታ ነገርኩት። «ነገርሻት?» አለኝ። «ነገርኳት» አልኩት። እናቱ ጋ ደወለና «እማዬ፣ ከእንግዲህ ውሃ ልትቀዳ ሄደች እንዳትያት» አለ። ከዚያ ሁለቱም ስልኩን እንደያዙ አለቀሱ፤ ኔትወርክ ነው አላለም። ለአረፋ አብረን ሄደን አብረን እንመለሳለን። ጠረጴዛው ሥር ያለውን ካርቶን አነሳሁት፤ ጠይብ ከሱቁ ትንሽ ወንበር አምጥቶ ከፊት ለፊቴ አስቀመጠላት።

አሁን ዋናውን።

የመጀመሪያው ቀን ስለሆነ ወላጆች በረንዳው ላይ ቆመን በመስኮት እንድናይ ፈቀዱልን። መምህርቷ የሺ ናት። ሱሀይር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ፣ አጠገቧ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ሮዙን ቦርሳ አስቀመጠች። አንዲት ልጅ ልትቀመጥ ስትል በእጇ ከልክላ የሆነ ነገር አለቻት። ወንበሩን ለማን እንደያዘችው ያኔ አልገባኝም።

የሺ ስም መጥራት ጀመረች። ልጆቹ አቤት ይላሉ፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ እናቶች ይስቃሉ። ከዚያ «ማሂራ ባህረዲን» አለች።

ሱሀይር አቤት አላለችም። ፊቷ በራ። ቦርሳውን ከወንበሩ አነሳችና ዞራ በሩን ማየት ጀመረች።

የሺ ደገመችው። «ማሂራ ባህረዲን። የለችም?»

ሱሀይር ወንበሩን በእጇ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ በሩን እያየች፣ «መጣች» አለች።

የሺ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። የነሐሴዋን ሴት አስታወሰች መሰለኝ። ገባሁ። የልጆቹን ወንበር አልፌ ሱሀይርን በእጇ ይዤ «ይቺ ሱሀይር ናት» አልኩ። «ማሂራ እህቷ ነበረች። ሞታለች።» ሰው በሞላበት ክፍል የተናገርኩት የራሴ ድምፅ ነው፤ እኔም የሰማሁት እንደ አዲስ ነው። የሺ ደብተሩን ከደነችው።

ሱሀይርን ግቢው ጥግ ወዳለው ቧንቧ ወሰድኳት። ማለዳ ነበር፣ ዘመድ ግን አልተሰበሰበም። ቁጢጥ አልኩና ፊት ለፊት ሆንን።

«ማሂራ አያዬ ጋ አይደለችም» አልኳት። «በጥር ታማ ነበር። ሞተች። ኮልፌ ነው የቀበርናት።»

«አያዬ ግን ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች አለችኝ።»

«አያዬ አዝነው ነው። እኔም አባትሽም ፈርተን ነው ያልነገርንሽ።»

«አትመጣም?»

«አትመጣም።»

ቦርሳውን ከፈተች። ነጠላ ጫማው ውስጥ ነበር። አየችውና መልሳ ዘጋችው። አላለቀሰችም። እንደኔ ድንጋይ ሆነች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ «አሁን ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ።

«ስድስት።»

«ጥቅምት ላይ ሰባት አይሞላትም?»

«አይሞላትም። ስድስት ላይ ቆመች።»

ጣቶቿን አውጥታ ስታስብ ቆየች። «እኔ ኅዳር ላይ ስድስት ይሞላኛል።»

«አዎ።»

«እኩል ልንሆን ነው?»

«እኩል ልትሆኑ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንቺ ታላቅ ትሆኛለሽ» አልኳት። አልኳት ነው የምለው እንጂ የመጨረሻውን ቃል አልጨረስኩትም። እንባዬ ከጥር ጀምሮ የት እንደነበረ እንጃ፣ መጣ። ቧንቧው ሥር ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሁሉ ግቢውን እስኪሞሉት ድረስ አለቀስኩ። ሱሀይር የኔንም ቦርሳ የራሷንም ይዛ፣ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ።